ብረት ያለበት ሰው ኤምአርአይ ሲታዘዝለት

ከፈረስ ወድቆ ወይም መኪና ገጭቶት ጭኑ የተሰበረ፣ አጥንቱ ውስጥም ብረት የገባለት ሰው በጥሊሊ ከተማና በአካባቢዋ ብርቅ አይደለም። ይህ ሰው ከዓመታት በኋላ ወገቡን ሲያመው ኤምአርአይ (በማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያነሣ ምርመራ) ይታዘዝለትና ወደ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ይላካል። ያን ጊዜ ከሕመሙ ይልቅ የሚያስጨንቀው ብረቱ ነው፤ «ማግኔቱ ይነቅለው ይሆን?»

ስጋቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። የ1.5 ቴስላ (የማግኔት ኃይል መለኪያ) ኤምአርአይ መሣሪያ ኃይሉ ከመሬት ማግኔት 30,000 እጥፍ ገደማ ነው። በፈሳሽ ሂሊየም ስለሚቀዘቅዝ መብራት ቢጠፋም መሳቡን አያቆምም። በ2001 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ የ6 ዓመት ልጅ የሞተው መሣሪያው ውስጥ ተኝቶ ሳለ የኦክስጅን ሲሊንደር ተስቦ ስለመታው ነው።

የአጥንት ብረት ግን ሌላ ነው። በጥቁር አንበሳና በሌሎች ሆስፒታሎቻችን ለጭንና ለቅልጥም ስብራት የሚገባው ሳይን የተባለው ዘንግ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ነው፤ በማግኔት እምብዛም አይሳብም፣ አጥንቱም ላይ በብሎን ታስሯል። ታይታኒየምም እንዲሁ አያሰጋም። ችግራቸው በዙሪያቸው ያለውን ምስል ማበላሸታቸው ነው፤ አልፎ አልፎ ሊሞቁም ስለሚችሉ፣ ሙቀት የተሰማው ሰው በእጁ የተሰጠውን መጥሪያ ወዲያው ይጫን። ብዙ እናቶች የሚጠይቁበት በክንድ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ ደግሞ ፕላስቲክ ነው።

በእርግጥ የሚያስፈራው ሌላው ነው፦ የልብ ምት ማስተካከያ፣ የአንጎል ደም ሥር መቆንጠጫ፣ ጆሮ ውስጥ የሚተከል የመስሚያ መሣሪያ። ከእነዚህ አንዳንዱ በቅድመ ሁኔታ ይፈቀዳል፤ አንዳንዱ ፈጽሞ አይፈቀድም፤ በዓይን አይቶ መለየት ግን አይቻልም፤ የሚለየው የአምራቹና የሞዴሉ ስም ነው። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምና የሚወጣ ሁሉ ምን፣ የት፣ መቼ እንደገባለት የሚገልጽ ወረቀት ሳይቀበል ከሆስፒታል አይውጣ። ወረቀት የሌለውም የድሮ ራጁን ይዞ ይሂድ፤ ከመንገዱ በፊትም ቀዶ ሕክምናውን ያደረገለትን ሆስፒታል ይጠይቅ።

በእኛ አገር በግልጽ መነገር ያለበት ሌላም አለ፦ ጥይትና ፍንጣሪ። የክላሽ ጥይት ብዙ ጊዜ ውስጡ ብረት ስለሆነ ይሳባል። በብየዳ ወይም በሞረዳ የሠራ ሰው ዓይን ውስጥ የቀረች ስባሪም ብትንቀሳቀስ ብርሃን ታጠፋለች። ባለሙያው የሚፈልገው ብረቱ የት እንዳለ ማወቅ ነው፤ ማን እንደተኮሰው አይጠይቅም። ነገሩ ከተነገረው አስቀድሞ ራጅ ያስነሣል፤ አደጋ ካየም ሐኪሙ ሌላ ምርመራ ያዝዛል።