መሪው የላላ መኪናና የጫጫ ነፋስ

መኪና የሌለው ተማሪ ስለ መኪና መሪ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ለበዓል ወደ አገር ቤት የምንሄደው በሰው መኪና ተሳፍረን ነው፤ ነጂው ችላ ያለውን ተሳፋሪው ካላወቀ የሚናገር አይገኝም። ስለዚህ ባለፈው የፋሲካ ዋዜማ ጫጫ ላይ የተማርነውን ለወንድሞቻችንና ለእህቶቻችን እንጽፋለን።

በአንድ ጓደኛችን አጎት አሮጌ ቮልስ ዋገን አምስት ሆነን ወደ ደብረ ሲና እንጓዝ ነበር። ሸኖን እንዳለፍን መኪናዋ እንደ ሰከረ ሰው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትል ጀመር። አጎትየው «ነፋሱ ነው» አሉ። ሐሰት አልነበረም። ያ ሜዳ ነፋሱን የሚገታለት ነገር ጥቂት ነው፤ የቮልስ ሞተር ደግሞ ከኋላ ስለሆነ ፊቷ ቀላል ነው፤ የጎን ነፋስ በቶሎ ይገፋታል። የፊት ጎማዎቿ ከኋላዎቹ ያነሰ ነፋስ መያዝ ሲገባቸው ጎሚስታው አራቱንም እኩል ነፍቶ ሲሰድዳት ይብስባታል። ሆኖም ነፋስ መኪናን ይገፋል እንጂ መሪን አያላላም። ጫጫ ላይ ቆመን መሪውን ስናወዛውዘው አራት ጣት ያህል ሄዶ የፊት ጎማው ገና አልተነቃነቀም።

ከጫጫ ደብረ ብርሃን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ መንገዱም ሜዳ ነው። ያስፈራን ከዚያ ወዲያ ያለው ጣርማ በር ነበር። ጣልያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የፈለፈለው ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ከዋሻው እንደ ወጡ መንገዱ ገደሉን ይዞ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። በዚያ ጠመዝማዛ ላይ አራት ጣት መሪ ማጣት ምን እንደሆነ ለማወቅ የምሕንድስና ተማሪ መሆን አያሻም።

አጎትየው ግን ከሳምንት በፊት አዲስ አበባ ጋራዥ እንዳሳዩዋትና መካኒኩ ብሎን አጥብቆ እንደ መለሰላቸው ነገሩን። የጫጫው መካኒክ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፣ ይህን ሲሰሙ ሣቅ አሉና «ወንድሜ፣ ያቺ ብሎን እኮ መጨረሻ ነው የምትነካው፤ መጀመሪያ መሪው የት ላይ እንደሚጠፋ እንይ» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመሪ ትእዛዝ በብዙ ሰው አፍ እንደሚተላለፍ መልእክት ነው። ከመሪው በዘንግ ይወርዳል፤ በአንዲት የላስቲክ መጋጠሚያ አልፎ ጠመዝማዛ ጥርስ ወዳለበት ሳጥን ይገባል፤ ከሳጥኑ በሁለት ዘንጎች ወደ ቀኝና ወደ ግራ ጎማ ይሄዳል። በየዘንጉ ጫፍ ቴስቲና የሚባል፣ በውስጡ ኳስ የመሰለ ብረት የሚዞርበት መገጣጠሚያ አለ፤ በጠቅላላው አራት ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ቢበላ መሪው ይላላል፤ ከላይ ለተቀመጠው ነጂ ግን ሁሉም አንድ ይመስለዋል።

ስለዚህ ምርመራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ተቀምጦ መሪውን በቀስታ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዛል፤ ሌላው ከሥር ተኝቶ ከላይ እስከ ታች እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በእጁ ይዞ ይከተላል። የሚመጣው እየተንቀሳቀሰ የሚቀጥለው ቆሞ ከቀረ በሽታው እዚያ ነው። ሳጥኑ ራሱ በማሰሪያው ላይ የሚወዛወዝም አይጠፋም። የተኛነው እኛ ነበርን፤ የበዓል ልብሳችን ምን እንደ መሰለ አንናገርም። ከቀኝ ጎማ አጠገብ ያለው ቴስቲና ላስቲኩ ተቀድዶ፣ ግራሶው አልቆ፣ በጣታችን ሥር ቀጭ ቀጭ ይል ነበር።

ሽማግሌው በዚህ አላበቁም። መኪናዋን በክሪክ አንሥተው ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ነቀነቁት። ጥቂት ተነቃነቀ። ከዚያ አጎትየውን ፍሬን እንዲረግጡ ነገሯቸው፤ መነቃነቁ ጠፋ። ፍሬን ሲያዝ የሚጠፋ ከሆነ የላላው የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ፍሬን ተይዞም ከቀጠለ ጥፋቱ ጎማውን ከተሸከመው መገጣጠሚያ ላይ ነው። ይህች ዘዴ ከሁሉ ይልቅ አስደነቀችን። ኩሽኔታው በትንሽ ማጥበቅ ተስተካከለ። በነገራችን ላይ የቮልስ የግራ ፊት ጎማ ዳዶ የሚፈታው በተገላቢጦሽ ነው፤ ይህን ሳያውቅ በጉልበት የታገለ ሰው ጥርሱን ይጨርሰዋል።

ቴስቲናው ጫጫ ላይ አልተገኘም። ቮልስ በጀርመን አገር መሠራቷን ያቆመችው በ1978፣ በሜክሲኮ ደግሞ በ2003 እ.ኤ.አ. ስለሆነ መለዋወጫዋ በየሱቁ አይጠብቅም። ሁለታችን በሚኒባስ ደብረ ብርሃን ሄደን ሦስተኛው ሱቅ ላይ አገኘን። ስንመለስ መሽቶ ነበር፤ ዋዜማውን ጫጫ አሳለፍነው፤ የጓደኛችን እናትም በስልክ የሚገባንን ነገሩን።

አሮጌው ሲወጣ ስንት ዙር እንደ ተፈታ ተቆጥሮ አዲሱ በዚያው ቁጥር ገባ፤ ዳዶውን የምትቆልፈው ሽቦም አዲስ ተደረገች። ይህ ግን እስከ ከተማ ለመድረስ ያህል ነው፤ የሁለቱ ጎማዎች አቅጣጫ በመለኪያ መስተካከል አለበት፤ አለዚያ አዲስ ጎማ በጥቂት ጊዜ ተበልቶ ያልቃል።

በመጨረሻ ስኮርታው ጎማ ተነሥቶ ያቺ ብሎን ተጎበኘች። የሳጥኑ ጥርሶች ይበልጥ የሚቀራረቡት መሪው ቀጥ ሲል ስለሆነ ብሎኗ የምትለካው ጎማዎቹ ቀጥ ባሉበት ነው። የአዲስ አበባው ሰው ግን የቴስቲናውን ልልነት በእርሷ ሊሸፍን ፈልጎ ከልክ በላይ አጥብቋታል፤ መኪናዋ ከኩርባ በኋላ መሪዋን በራስዋ የማትመልሰው ለዚህ ኖሯል። ሽማግሌው ጥቂት ፈቱላትና ቆለፏት።

በማግሥቱ ማለዳ ነፋሱ እንደ ትናንቱ ነበር፤ መኪናዋን ይገፋታል፤ አጎትየውም መሪውን አንድ ጣት ያህል ነካ ሲያደርጉት ትመለሳለች። ጣርማ በርን በሁለተኛ ማርሽ ወረድን።