የእንግሊዝኛ መምህሩ የምስክር ወረቀትና የአባቱ ገንዘብ

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ እስከ ዓለም ባንክ ድረስ ሱቅ ከፍቶ የሚነግድ ሰው፣ ከልጆቹ አንዱን በዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ቋንቋ አስተምሮ ያስመረቀ እንደ ሆነ፣ ከምረቃው በኋላ የሚቀርብለት ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ልጁ በአካባቢው ባለ የግል ትምህርት ቤት አንድ ሁለት ዓመት ያስተምራል፤ ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከታክሲ የማይተርፍ መሆኑን ያያል፤ ከዚያም አንድ ምሽት ሱቁ እስኪዘጋ ጠብቆ፣ «አባባ፣ ውጭ አገር ሄጄ እንግሊዝኛ ለማስተማር አስቤአለሁ፤ የሚጠየቀው የምስክር ወረቀት በኢንተርኔት ይገኛል፤ ክፍያውን ይሸፍኑልኝ» ይላል።

አባት ስለ ሸቀጥ የሆነ እንደ ሆነ የሚጠይቀውን አሳምሮ ያውቃል። ሰሊጥ ሲገዛ ዘግኖ ያያል፤ ጨርቅ ሲያስመጣ አስቀድሞ ናሙና ያስልካል፤ ሚዛኑን ሳይመለከት ገንዘብ አይቆጥርም። ስለዚህኛው ወረቀት ግን ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አያውቅም፤ ልጁን ማሳዘን ስለማይፈልግም ከሱቁ ሥራ ማስኬጃ ላይ ቀንሶ ይከፍላል። ክፍያው ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በዶላር ምንም ያልጨመረ ዋጋ በብር ሲታሰብ ምን ያህል እንደሚከብድ ለአስመጪ ነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት የሚገዛው ነገር ምን እንደ ሆነ መመርመር ተገቢ ነው።

እንግሊዝኛን በውጭ አገር ለማስተማር ከሚያበቁት የመጀመሪያ ደረጃ ሥልጠናዎች መካከል በዓለም ዙሪያ ይበልጥ የታወቁት ሁለት ናቸው። አንደኛው በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የፈተና ድርጅት የሚመሰከረው ሴልታ የተባለው ነው። የዚህ ሥልጠና መነሻ ጆን ሄይክራፍት የተባሉ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1962 በለንደን ኢንተርናሽናል ሀውስ በሚባለው ትምህርት ቤታቸው የጀመሩት አጭር ኮርስ ነው። ሁለተኛው የትሪኒቲ ኮሌጅ ለንደን ሰርት ቴሶል የሚሰጠው ነው። ሴልታ ቢያንስ 120 ሰዓት፣ የትሪኒቲው ደግሞ 130 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ዋናው ነገር ግን የሰዓቱ ድምር አይደለም። በሁለቱም ሥልጠናዎች ሠልጣኙ ስድስት ሰዓት በእውነተኛ ተማሪዎች ፊት ቆሞ፣ አሠልጣኙ ከኋላ ተቀምጦ እየተመለከተውና ስሕተቱን እየጻፈበት ያስተምራል። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሴልታን ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት መማር ስለተቻለ፣ የኮልፌ ነዋሪ ለአውሮፕላንና ለሆቴል የሚያወጣው ወጪ ቀርቶለታል፤ በኢንተርኔትም ቢሆን ግን በሕይወት ያሉ ተማሪዎችን ማስተማርና በአሠልጣኝ መታየት አይቀርለትም።

በገበያው ላይ ያው «120 ሰዓት» የሚል ጽሑፍ የታተመበት፣ ዋጋውም እጅግ የረከሰ ሌላ ወረቀት ሞልቷል። የዚህኛው ገዢ በስልኩ ጽሑፍ ያነባል፤ ከአራት መልሶች አንዱን ይመርጣል፤ ጥቂት ቀን ቆይቶ ባለ ወርቅ ቀለም ማኅተም ወረቀት ይደርሰዋል። በመካከሉ አንድም ተማሪ አላስተማረም፤ አንድም ሰው ሲያስተምር አላየውም። እንዲህ ያለውን ወረቀት የሚቀበል አሠሪ ጨርሶ የለም ማለት አይቻልም፤ በሚገባ ከሠለጠነ መምህር ጋር ለውድድር ሲቀርብ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

የቡና ነጋዴ ይህን ልዩነት ለመረዳት አይቸገርም። በኢትዮጵያ ለቡና ደረጃ ሲወጣ ጥሬው ፍሬ ከመቶ 40 ሲይዝ፣ ቅምሻው ከመቶ 60 ይይዛል። ፍሬው መልኩ ያማረ፣ መጠኑ የተስተካከለ ቢሆንም ሳይቆላ፣ ሳይፈላና ሳይቀመስ ደረጃውን የሚጽፍለት ባለሙያ የለም። መምህርም እንዲሁ ነው፤ የሰዋስው ዕውቀቱ ጥሬው ሲሆን ቅምሻው በክፍል ውስጥ የሚታየው ነው። አባት ልጁን «ስንት ሰዓት በተማሪ ፊት ትቆማለህ? ቆመህ ስታስተምርስ የሚያይህ ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ከመልሱ ብዙ ነገር ያገኛል። የእንግሊዝን የምስክር ወረቀቶች የሚቆጣጠረው ኦፍኳል የተባለው መሥሪያ ቤትም መዝገቡን ለማንም ክፍት አድርጓል። ሴልታ በዚያ መዝገብ በ5ኛ ደረጃ፣ ልምድ ላላቸው መምህራን የተዘጋጀው ዴልታ ደግሞ በ7ኛ ደረጃ ተመዝግበው ይገኛሉ። በብሪታንያ መንግሥት የታወቀ ነው ተብሎ የሚሸጥ ወረቀት ስሙ በመዝገቡ ከሌለ ንግግሩን በዚያው ማቆም ይሻላል።

ከወረቀቱ ይልቅ የሚከብደው ጉዳይ ፓስፖርቱ ነው፤ ይህንንም የምስክር ወረቀት ሻጭ ፈቅዶ አይናገርም። ደቡብ ኮሪያ የእንግሊዝኛ መምህራን በሚገቡበት ኢ-2 በሚባለው ቪዛ የምትቀበለው በመሠረቱ የሰባት አገሮችን ዜጎች ነው፤ እነርሱም አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ካናዳ፣ አየርላንድ፣ አውስትራልያ፣ ኒው ዚላንድና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። ቻይናም የውጭ ቋንቋ መምህር በአጠቃላይ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን የሚያስተምር እንዲሆን ትፈልጋለች። (ደቡብ አፍሪካ ከሰባቱ አንዷ መሆንዋ የኮልፌን ሰው ጥቂት ሳያስገርም አይቀርም፤ ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 የውትድርና ትምህርት የተማሩት እዚሁ ኮልፌ በነበረው የፖሊስ ሠፈር ነበርና።) እንግዲህ ልጁ ሴልታን በከፍተኛ ውጤት ቢፈጽምም እንኳ የሴኡል በር በዚህ ምክንያት ሊዘጋበት ይችላል። የምስክር ወረቀት መግዛት የሚገባው የሚሄዱበት አገር ሕግ ከታወቀ በኋላ ነው፤ ገዢው አገር የማያስገባውን ዕቃ አሽጎ ወደብ ያደረሰ ላኪ ምን እንደሚገጥመው የታወቀ ነው።

እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው ያልሆነ ሰው እንግሊዝኛን በሚገባ ማስተማር አይችልም የሚለው አስተሳሰብ ግን ሐሰት ነው፤ ለዚህም ከማንም ይልቅ ምስክር መሆን የሚችለው የኢትዮጵያ ትምህርት ቤት ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ አገሪቱ የእንግሊዝኛ መምህራን አስመጪ ነበረች። የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1946 ሲቋቋም መምህራን ከብሪታንያ መጡ፤ በ1962 ደግሞ የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ገብተው በየክፍለ ሀገሩ ተሠማሩ። ከእነዚህ ጋር በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ጠመኔ ይዘው የቆሙት የሕንድ መምህራን ነበሩ። ብዙዎቹ ከኬራላ የመጡ፣ በቤታቸው ማላያላም የሚናገሩ ነበሩ። ዛሬ በንግድ ሥራ ላይ ካሉት በዕድሜ የገፉ ነጋዴዎች ስንቱ የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ መጻፍ የተማረው ከሕንዳዊ መምህር እንደ ሆነ ራሳቸው ያስታውሳሉ። ሕንዶቹ ይዘውት የመጡት የዩኒቨርሲቲ ዲግሪና በአገራቸው ክፍል ውስጥ ያካበቱትን ልምድ ነበር፤ ኢትዮጵያም ከእነርሱ የጠየቀችው ይህንኑ ነው እንጂ እናታቸው በምን ቋንቋ እንዳሳደገቻቸው አይደለም።

ሕንድ ከዚህም በኋላ ያደረገችው ነገር ለንግድ ሰው ትልቅ ትምህርት አለው። ሕንድና ደቡብ ኮሪያ የተፈራረሙትና ከጥር 2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የኢኮኖሚ ሽርክና ስምምነት ስለ ቀረጥ ብቻ የሚናገር አይደለም፤ የአገልግሎት ንግድንም ይጨምራል። በዚሁ ምክንያት ብቃት ያላቸው ሕንዳውያን በረዳት የእንግሊዝኛ መምህርነት ወደ ኮሪያ የሚገቡበት መንገድ ተከፈተ። ለአንድ ግለሰብ የተዘጋውን በር የንግድ ውል ከፈተው ማለት ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀችው የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነትም የአገልግሎት ንግድን ይመለከታል፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ድርድር ቅድሚያ የተሰጣቸው አምስት መስኮች የንግድ ሥራ አገልግሎት፣ ኮሙኒኬሽን፣ ፋይናንስ፣ ትራንስፖርትና ቱሪዝም ሲሆኑ ትምህርት አልተካተተም። የአገልግሎት ጉዳይ በሚነሣበት ስብሰባ ላይ የነጋዴው ማኅበረሰብ ስለ ቡናና ስለ ቆዳ የሚያነሣውን ያህል ስለ መምህራንም ቢያነሣ ከቦታው የወጣ አይሆንም።

እስከዚያው ድረስ ቅርብ ያለው ገበያ መታየት ይገባዋል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008 የትምህርት ቋንቋዋን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ለመለወጥ ወሰነች። ውሳኔው በአንድ ቀን የሚተላለፍ ቢሆንም መምህር በአንድ ቀን አይፈጠርም፤ ስለዚህ ከብዙ ዓመት በኋላም ችግሩ አልተወገደም። በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ከዚምባብዌ መንግሥት ጋር ስምምነት ተፈራረመች፤ በጥቅምት 2022 የመጀመሪያዎቹ 154 የዚምባብዌ መምህራን ኪጋሊ ገቡ። የብዙዎቹ የዚምባብዌ ዜጎች የአፍ መፍቻ ቋንቋ ሾና ወይም ንደበሌ ነው። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ነፃነቷን ስታገኝ እንግሊዝኛን የመንግሥት ሥራ ቋንቋ አድርጋለች፤ ቡሩንዲም በ2014 በሕግ ተቀብላዋለች። እነዚህ አገሮች ከአዲስ አበባ በጥቂት ሰዓት በረራ የሚደረስባቸው ናቸው። ደመወዛቸው ከሩቅ ምሥራቁ ጋር እንደማይስተካከል የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በዚያ የተገኘ የሁለትና የሦስት ዓመት ልምድ በሌላ አገር ማመልከቻ ላይ ሲጻፍ ክብደት አለው።

ስለ ብቃት ማሻሻል ከተነሣ፣ ከኮልፌ ሳይወጣ የሚፈጸመው ሥራ ከሚታሰበው በላይ ብዙ ነው። የልጁ ዲግሪ የቋንቋ ብቻ ሆኖ የመምህርነት ትምህርት የሌለበት ከሆነ አስቀድሞ የሚሞላው ይህ ጉድለት ነው። ከዚያ በላይ ለመሄድ የሚፈልግ እንደ ሆነ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ ማስተማርን ራሱን የቻለ የትምህርት መስክ አድርጎ በሁለተኛ ዲግሪ ያስተምራል፤ ክፍያውም በብር ነው። የአይኤልትስ ፈተና የሚመዘነው እስከ 9 ባለው መለኪያ ሲሆን ውጤቱ በልማድ ዋጋ ያለው ለሁለት ዓመት ነው። ስለዚህ ሌላው ሰነድ ሳይሟላ ፈተናውን መቀመጥ፣ መርከቡ ሳይታወቅ የጥራት ማረጋገጫ አውጥቶ ጊዜው እንዲያልፍበት ከማድረግ አይለይም። ልጁ አሁን በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህሩ ወይም የክፍሉ ኃላፊ በየጊዜው ገብቶ እንዲያየውና አስተያየቱን በጽሑፍ እንዲሰጠው ቢጠይቅ፣ ያለ ምንም ወጪ ያንኑ የቅምሻውን ክፍል ይጀምራል። የሥራ ልምድ ደብዳቤም «በትምህርት ቤታችን አገልግሏል» በሚል አንድ መሥመር የሚያልቅ መሆን የለበትም፤ የትኛውን ክፍል፣ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንዳስተማረ የሚዘረዝር መሆን አለበት።

ነጋዴው ራሱም በዚህ ሊጠቅም ይችላል። የሌተር ኦፍ ክሬዲት ሰነድ፣ የመርከብ ሰነድና የመድን ውል በእንግሊዝኛ የሚመጡ ሲሆኑ፣ በየሱቁና በየመጋዘኑ ያሉ ጸሐፊዎች ግን ብዙውን ጊዜ በግምት ያነቧቸዋል። ሦስት አራት ነጋዴዎች ተባብረው ለሠራተኞቻቸው የማታ ትምህርት ቢያሰናዱ መምህሩ አዋቂዎችን የማስተማር ልምድ ያገኛል፤ በውጭ አገር ለእንግሊዝኛ መምህር ከሚቀርበው ሥራ ከፊሉ አዋቂዎችን ማስተማር ነውና።

ሥራ አገኝልሃለሁ እያለ ቅድሚያ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ሲመጣም ጉዳዩ በሕግ የተወሰነ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ሠራተኛ የሚልክ ኤጀንሲ ፈቃድ እንዲኖረው ያዛል፤ ፈቃዱ መኖር አለመኖሩም ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተጠይቆ ይታወቃል።

በመጨረሻ የሚመጣው የሰነድ ማረጋገጥ ሥራ ነው። ዲግሪው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ቀጥሎ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ በመጨረሻም በሚሄዱበት አገር ኤምባሲ እየተረጋገጠ ያልፋል። በዚህ መንገድ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከለው በትንሽ ነገር ነው። ፀሐይ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ በዲግሪው ላይ በ«ቲ»፣ በፓስፖርቱ ላይ ደግሞ በ«ኤስ» ይጀምራል፤ የአያት ስም በአንዱ ላይ ተጽፎ በሌላው ላይ ይቀራል፤ ፈረንጁም የአባትን ስም የቤተ ሰብ ስም አድርጎ ይመዘግበዋል። የላኪ ድርጅት ጸሐፊ የሆነ ሰው በኢንቮይሱና በመርከብ ሰነዱ መካከል አንድ ፊደል በመለያየቱ ባንኩ ክፍያውን እንዴት እንደሚያግድ ያውቃል። ስለዚህ ለሥልጠናው የመጀመሪያው ብር ከመላኩ በፊት የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ ዲግሪውን፣ ፓስፖርቱንና የሥራ ልምድ ደብዳቤውን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ስሙን ፊደል በፊደል ማስተያየት፣ የሚለያይም ከተገኘ ጊዜ ሳለ ማሳረም ይገባል። ይህ ሥራ ከአንድ ምሽት አያልፍም፤ አባትና ልጅ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ አብረው ሊሠሩት ይችላሉ።