ገንዘብ የማይሰጠው ዕርዳታ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጂንካ ገበያ የገባ ሰው የአካባቢው ኑሮ በየመደቡ ተዘርግቶ ያገኘዋል፦ ቡናው፣ ጎደሬው፣ በኮባ የተጠቀለለው ቆጮ፣ የአሪ ሸክላ ሠሪዎች ምጣድና ጀበና። ከመደቡ ኋላ የተቀመጡት አብዛኞቹ እናቶች ናቸው። ከእነሱ የአንዷ ልጅ ታመመ እንበል። የካርድና የመድኃኒት ወጪው መደቧን ጠራርጎ ይወስደዋል፤ ለሚቀጥለው ቅዳሜ የምትነግድበት ስለማይኖራት አራጣ አበዳሪ ደጅ ትጠናለች።

ለእንዲህ ያለችው እናት ቤተ ክርስቲያን ምን ታድርግላት? የለመድነው መልስ ስንዴ፣ ዘይትና ልባሽ ጨርቅ ነው። የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ2002 ናዝሬት፣ የዛሬዋ አዳማ፣ ላይ ሌላ መንገድ ሞከረች። ቴርፈንድ ከተባለው የእንግሊዝ ክርስቲያናዊ ተራድኦ ጋር ሆና 100 ያህል ድሆችን በአምስት ቡድን አደራጀች። መነሻ ገንዘብ ግን አልሰጠቻቸውም። ሐሳቡ ከሕንድ የመጣ ነው፤ እዚህ «ራስ አገዝ ቡድን» ተባለ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ጎረቤታሞች፣ በብዛት ሴቶች፣ በሳምንት አንድ ቀን ይገናኛሉ። መተዳደሪያ ደንቡን የሚያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ ያረፈደች ትቀጣለች። የቁጠባው መጠን የሚወሰነው ከመካከላቸው እጅግ ባጣችው አቅም ነው፤ ሲጀመር ከአንድ ብር ያነሰ የሚያዋጡ ነበሩ። ሰብሳቢነቱ ተራ በተራ ስለሆነ ወንበሩ የማንም ርስት አይሆንም። ቤተ ክርስቲያኗ የመደበችው አስተባባሪ አብሮ ይቀመጣል፣ ያሠለጥናል፤ ገንዘቡን ግን አይነካም። ጥቂት ሲጠራቀም እርስ በርስ ይበዳደራሉ፤ ትንሿ ወለድም ወደዚያው ሣጥን ትመለሳለች።

«ይኼማ ዕቁብ ነው» የሚል አይጠፋም። አይደለም፤ ዕቁብ ዙሩ ሲያልቅ ይበተናል። ዕድር ደግሞ ሰው እስኪሞት ይጠብቃል (ዛሬ ዛሬ ከዚያ አልፈው የሚሠሩ ዕድሮች እንዳሉ ሳልዘነጋ)። የዚህ ሣጥን ገንዘብ ለቋሚ ነው፤ መጀመሪያ ለሕመምና ለደብተር፣ እያደር ለንግድ።

ቡድኖች ሲበዙ ስምንት አሥሩ ሁለት ሁለት ተወካይ መርጠው ኅብረት ይመሠርታሉ። ለእኔ ከገንዘቡ የሚበልጠው ይህ ነው። በሰው ፊት ተናግራ የማታውቅ ሴት፣ ስለ ውኃ ወይም ስለ መንገድ ለመጠየቅ ቀበሌ ስትገባ ብቻዋን አይደለችም።

ይህች ቤተ ክርስቲያን ያለ ባዕድ እጅ ማደግን ታውቀዋለች። በ1929 ዓ.ም. በጣልያን ወረራ ምክንያት ወንጌሉን ያመጡላት የሱዳን የውስጥ ሚስዮን ሰዎች ወላይታን ለቀው ሲወጡ፣ የተዋቸው ምእመናን 50 ያህል ነበሩ። ከድሉ በኋላ ሲመለሱ ቁጥሩ ወደ 10,000 ደርሶ ጠበቃቸው። በኋላም ወንጌሉን ወደ ጎፋና ወደ አሪ አገር በእግራቸው ያደረሱት የወላይታ ሰዎች ነበሩ።

ሆኖም ለጂንካ ባለ ጉሊት የሚስማማው ነገር ቁልቁል ወደ ኦሞ ሲወርዱ እንዳለ አይሠራም። ለሐመር ሰው ሀብት ማለት ፍየሉና ከብቱ ነው፤ ወጣቱም መንጋውን ተከትሎ ከሰፈር ሲርቅ በየሳምንቱ ስብሰባ ና ሊባል አይችልም። ደግሞም ሐመር «ቤል» የሚለው የቃል ኪዳን ወዳጅ አለው፤ ከብትና ፍየል ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍበት፣ በክፉ ቀን የሚደረስበት ዝምድና ነው። ሣጥን ይዞ የሚሄድ አስተባባሪ መጀመሪያ ስለ ቤል ቢጠይቅ ይሻለዋል። ኦሞ ሞልቶ የዳሰነችን መንደር በከበበበት ወቅት ደግሞ «ቆጥቡ» ማለት ቀልድ ነው፤ ያኔ የሚያስፈልገው እህልና ጀልባ ነው።