የልጅ ቁመት ምን ይነግረናል?

በኮልፌ በማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ከሚጓዙት ልጆች አንዱ ከእኩዮቹ አጥሮ ሲታይ፣ «አባቱን መስሎ ነው» ይባላል። ዳሩ ግን በአገራችን ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት የቀነጨሩት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. ከመቶው 58 ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. 38 ሆኑ። ዘር በ16 ዓመት አይለወጥም፤ የተለወጠው ኑሮ ነው።

በ2002 ዓ.ም. የተጀመረውና የምጣኔ ሀብት ሊቁ ፕሮፌሰር ጣሰው ወልደሃና በኢትዮጵያ የመሩት «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት፣ 3,000 ልጆችን ለብዙ ዓመታት ተከታትሏል። በሕፃንነቱ የቀነጨረ ልጅ በትምህርቱም ወደ ኋላ እንደሚቀር አሳይቷል፤ ሆኖም አንዳንዶቹ ከፍ ሲሉ አገግመዋል።

ወጣት ሹም ሆይ! ትምህርት ቤት መሥራት መልካም ነው። ነገር ግን ልጁ ከደጃፉ ከመድረሱ በፊት ያሉትን ዓመታት የዘነጋ ሰው፣ መሠረቱን ትቶ ጣራውን እንደሚከድን ግንበኛ ነው። ከደጃፉ ለደረሰውም ልጅ ምሳው የትምህርቱ ክፍል እንጂ ምጽዋት አይደለም።