የፖሊሶች ማኅበር መሪ ኃላፊነት

የፖሊሶች ሠራተኛ ማኅበር መሪ ሁለት አደራ የተሸከመ ሰው ነው። አንዱ የመረጡት አባላት አደራ ነው፤ ሌላው እነዚያ አባላት ሊጠብቁት ቃል የገቡለት ሕዝብ አደራ። በአሜሪካ ይህ ድርብ ሸክም ጎልቶ የታየው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 1919 በቦስተን ነበር። ከከተማዋ 1,500 ያህል ፖሊሶች ከ1,100 በላይ የሚሆኑት በዚያ ዕለት ሥራ አቆሙ። ደመወዛቸው ከኑሮው ጋር አልመጣጠን ብሏቸው ነበር፤ ኮሚሽነሩም በማኅበር መደራጀታቸውን ከልክሎ መሪዎቻቸውን አግዶ ነበር። ከተማዋ በዘረፋና በሁከት ታመሰች፣ ሰዎች ሞቱ፣ አድመኞቹም ተባረው ወደ ሥራቸው የተመለሰ አልተገኘም። ቅሬታቸው እውነት ነበር፤ መንገዱ ግን እነሱንም ሕዝቡንም ጎዳ።

ዛሬ በአብዛኞቹ ግዛቶች የፖሊስ አድማ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ የመሪው የመጀመሪያ ኃላፊነት መደራደር ነው። በኒውዮርክ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው የቴይለር ሕግ አድማን ሲከለክል፣ ከ1974 ጀምሮ የፖሊሶች ድርድር መቋጫ ካጣ ጉዳዩ ሦስት አባላት ላሉት የግልግል ጉባኤ እንዲቀርብ ተደርጓል። ጉባኤው የሌሎች ከተሞችን ደመወዝ፣ የአሠሪውን የመክፈል አቅምና የሕዝቡን ጥቅም ይመዝናል። ስለዚህ የመሪው ጉልበት ያለው በሰነዱ ነው፤ የትርፍ ሰዓት መዝገብ፣ የጉዳት ሪፖርት፣ የጎረቤት ከተሞች ስምምነት አሰናድቶ ያልገባ ሰው ድምፁን ከፍ በማድረግ ብቻ የሚያገኘው የለም።

ሁለተኛው ኃላፊነት በምርመራ ክፍል ውስጥ ይፈጸማል። በኒው ጀርሲ የትራፊክ ቅጣት በማሰረዝ የተጠረጠሩ ፖሊሶች «መልስ ካልሰጣችሁ ሥራችሁን ታጣላችሁ» ተብለው ተጠየቁ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1967 በጋሪቲ መዝገብ፣ በዚህ መልኩ ተገዶ የተሰጠ ቃል በወንጀል ክስ ማስረጃ ሊሆን አይችልም ብሎ ወሰነ። የማኅበሩ ተጠሪ ከአባሉ ጎን ሲቀመጥ በቅድሚያ የሚያጣራው ይህንኑ ነው፤ ቃሉ የሚሰጠው በትእዛዝ ነው ወይስ በፈቃድ? ትእዛዙ በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠይቃል፣ አሻሚ ጥያቄ እንዲብራራ ያደርጋል፣ ማስታወሻ ይይዛል። በአባሉ ፋንታ ግን አይመልስም፤ እንዲዋሽም አይመክረውም፤ የጋሪቲ ጥበቃ ለሐሰተኛ ቃል አይሠራምና። ከምርመራው በፊትም አንድ ነገር ሊነግረው ይገባል፦ ለጠበቃ የተነገረ ምስጢር የሚያገኘው ጥበቃ ለማኅበር ተጠሪ ለተነገረው ሁልጊዜ አይደርስም። የወንጀል ጉዳይ ከሆነ አባሉ የሆነውን ሁሉ የሚዘረግፈው ለጠበቃው ነው።

ሦስተኛው ኃላፊነት አባላትን በእኩል ዓይን ማየት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚያው በ1967፣ በቫካና ሳይፕስ መዝገብ፣ ማኅበር አባሉን በዘፈቀደ፣ በአድልዎ ወይም በክፉ ልቦና ሊወክል እንደማይችል ደንግጓል፤ ብዙ ግዛቶችም ይህንኑ መርህ ለመንግሥት ሠራተኞች ይሠሩበታል። ይህ ማለት ቅሬታ ሁሉ እስከ ግልግል ይገፋል ማለት አይደለም፤ ማኅበሩ አጣርቶ «ይህ አያዋጣም» ሊል ይችላል፤ ምክንያቱን ግን በቅንነት ለአባሉ ያስረዳል። ፈተናው የሚከብደው ከሳሽም ተከሳሽም አባል ሲሆኑ ነው። አንዲት ፖሊስ የሥራ ባልደረባዋን በጾታዊ ትንኮሳ ብትከስ፣ መሪው ለሁለቱ የተለያዩ ተጠሪዎች ይመድባል፤ የአንዱ ምስጢር ለሌላው እንዳይደርስም ይጠብቃል። የቆየ ወዳጁን ብቻ ደግፎ እሷን ከተዋት ማኅበሩ የሁሉም መሆኑ ቀርቷል።

አራተኛው የገንዘብ አደራ ነው። በኒውዮርክ የፖሊስ ሳጅኖች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው የግል ወጪውን የማኅበር ሥራ አስመስሎ ሲያስከፍል ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ጥፋቱን አምኖ የ2 ዓመት እስር ተፈርዶበታል። የተጭበረበረው 600,000 ዶላር ከፖሊሶች ደመወዝ የተቆረጠ መዋጮ ነበር። ደረሰኝን ከወጪ ጋር ማመሳከር፣ የሁለት ሰው ፊርማ መጠየቅ፣ በየዓመቱ በውጭ ኦዲተር ማስመርመር አባላትን ብቻ ሳይሆን መሪውን ራሱንም ከፈተና ይጠብቃል።

የመጨረሻው ኃላፊነት ለሕዝብ የሚነገር ቃል ነው። ሰው በፖሊስ ጥይት በሞተ ማግስት መሪው ካሜራ ፊት ይቆማል። ማስረጃው ሳይታወቅ «አባላችን ትክክል ነው» ማለትም፣ የሟቹን ስም ማጉደፍም አይገባውም፤ ምርመራው በሥርዓቱ እንዲካሄድ መጠየቅ ግን መብቱም ግዴታውም ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2021 ለፖሊሶች ልዩ የዲሲፕሊን መብት የሚሰጠውን የቆየ ሕጓን ሽራለች፤ በቦታው በተተካው ሥርዓትም ሲቪሎች በዲሲፕሊን ውሳኔ እንዲሳተፉ አድርጋለች። ሕዝብ ጥፋትን መሸፈኛ አድርጎ ያየው መብት ዕድሜው አጭር ነው። መሪው የሚከላከለው የአባሉን በፍትሐዊ መንገድ የመዳኘት መብት ነው፤ የተፈጸመው ጥፋት በማስረጃ ከተረጋገጠ ቅጣቱ ተመጣጣኝ እንዲሆን ይከራከራል፣ ጥፋቱን ግን አይክድም።