ሴት ልጅ ሮጣ የት ትደርሳለች?

ባለፈው ተርም ለሩጫ ከመዘገብናቸው ሴት ተማሪዎች ብዙዎቹ በሁለተኛው ሳምንት ቀሩብን። አንዷ ውሃ ልትቀዳ፣ ሌላዋ ታናሾቿን ልትጠብቅ ነው የቀረችው። አንዲት እናት ደግሞ «ለመሆኑ ሴት ልጅ ሮጣ የት ትደርሳለች?» አሉን። ለዚህ ጥያቄ የአንድ መምህርን ሥራ ብናስረዳ ይሻላል ብለን ይህን ጻፍን።

መምህሩ አቶ ስንታየሁ እሸቱ ይባላሉ። በአርሲ፣ በቆጂ ከተማ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። ሥራው የተጀመረው ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ነው። ጥሩ የሚሮጡትን ልጆች አይተው ይለያሉ፤ ከዚያ በማለዳ ሜዳ ላይና ጫካ ውስጥ ያሠለጥኗቸዋል። ልጆቹ ተከታትለው በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ ይሮጣሉ። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም።

ውጤቱስ? ከእሳቸው እጅ የወጣችው ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር አሸነፈች። በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት እሷ ናት። በ1996 ፋጡማ ሮባ አትላንታ ላይ ማራቶን አሸነፈች። በ2008 ደግሞ ጥሩነሽ ዲባባ ቤጂንግ ላይ 5,000ውንም 10,000ውንም ወሰደች።

አንዳንዱ ሰው «የበቆጂ ከፍታ ነው እንጂ» ይላል። ከፍታው ይረዳል፣ አንክድም፤ በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የኛ ሞያሌ ግን ከዚያ በጣም ዝቅ ትላለች። ሆኖም በኢትዮጵያ ደጋ ከተማ ሞልቷል፤ ሁሉም በቆጂ አልሆነም። ልዩነቱ ልጆቹን አይቶ የሚለይና በየማለዳው የሚጠብቃቸው መምህር መኖሩ ነው።

እዚሁ ኬንያም ተመሳሳይ ነገር አለ። ብራዘር ኮልም ኦኮኔል በ1976 ወደ ኢተን የመጡት ጂኦግራፊ ሊያስተምሩ ነበር። የሩጫ ትምህርት አልነበራቸውም፤ እያዩ ተማሩ። ኋላ ሴት ልጆችንም ማሠልጠን ጀመሩ። ካሠለጠኗቸው አንዷ ጃኔት ጄፕኮስጌ በ2007 በ800 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች።

ሁሉም ልጆቻችን ለኦሎምፒክ ይደርሳሉ አንልም። የሮጠች ልጅ ግን ጤና ታገኛለች፣ ጓደኛ ታፈራለች፣ ትምህርት ቤቷንም ትወዳለች።

ስለዚህ ወላጆችን የምንለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። በሳምንት ሁለት ማለዳ ጀሪካኑን ወንድሟ ይያዝላት። ሜዳው ላይ እኛ እንጠብቃታለን።