ለአነስተኛ ንግድ ቤቶች ስለሚሆን በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራ መጠባበቂያ ጄኔራተር

በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሺንግተን፣ እንዲሁም በአጎራባቾቹ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ምግብ ቤት፣ የሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ወይም የሥጋ መሸጫ ከፍተው የሚነግዱ ወገኖቻችን ብዙዎች መሆናቸው የታወቀ ነው። ለእነዚህ ነጋዴዎች የኤሌክትሪክ መቋረጥ የመብራት መጥፋት ብቻ ሳይሆን የሸቀጥ መጥፋት ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2012 ዓ.ም. ምሽት ዴሬቾ የተባለው ብርቱ ዐውሎ ነፋስ በዚያ አገር ላይ በነፈሰ ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ ደንበኞች ኤሌክትሪክ አጥተዋል። የዚያ ቀን ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ነበር፤ በአንዳንድ ሰፈሮችም ኃይሉ እስኪመለስ አንድ ሳምንት ያህል ፈጅቷል። የአሜሪካ መንግሥት የምግብ ጥበቃ መመሪያ እንደሚያዝዘው፣ በሩ ሳይከፈት የቆየ ማቀዝቀዣ ምግብን ሊጠብቅ የሚችለው ለ4 ሰዓት ብቻ ነው፤ ሞልቶ የተዘጋ ፍሪዘር ደግሞ ለ48 ሰዓት ይቆያል። ለክትፎ የተዘጋጀ ሥጋ ከዚህ ሒሳብ ጋር ሲነጻጸር ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ ባለ ምግብ ቤቱ ራሱ ያውቀዋል።

በአገራችን ከተሞች ነጋዴው የሚያውቀው ጄኔራተር በናፍጣ ወይም በቤንዚን የሚሠራው ነው። በአሜሪካ ከተሞች ግን የተፈጥሮ ጋዝ እንደ ውሃ ሁሉ ከመሬት ሥር በተዘረጋ ቧንቧ እስከ ንግድ ቤቱ ድረስ ስለሚደርስ፣ ከዚሁ ቧንቧ ጋር የሚያያዝ ጄኔራተር ይገኛል። ኤሌክትሪኩ እንደ ተቋረጠ መሣሪያው ይህንኑ ተረድቶ በባትሪ ኃይል ሞተሩን ያስነሣል፤ ከጥቂት ሰኮንዶችም በኋላ ቼንጅ ኦቨር የሚባለው ማዛወሪያ ንግድ ቤቱን ከከተማው መሥመር ለይቶ ከጄኔራተሩ ጋር ያገናኘዋል። ይህ ማዛወሪያ ከሌለ ኃይሉ ወደ ከተማው መሥመር ተመልሶ፣ ሽቦ የሚጠግነውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል።

የጋዙ ጥቅም ግልጽ ነው። በርሜል ማከማቸት፣ ያረጀ ናፍጣ መለወጥ፣ በማዕበል ማግሥት ነዳጅ ፍለጋ መሰለፍ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2012 ሳንዲ የተባለው ማዕበል ኒውዮርክንና ኒውጀርሲን ከመታ በኋላ ቤንዚን በተራ እስከ መታደል ደርሶ እንደ ነበር ይታወሳል፤ ብዙዎቹ ማደያዎች ነዳጅ እያላቸው እንኳ መቅጃቸው ያለ ኤሌክትሪክ አልሠራም ነበር።

ይሁን እንጂ ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው ጄኔራተሩን ሳይሆን የጋዝ ቆጣሪውን ነው። ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። 20 ኪሎዋት ያህል የሚሰጥ ጄኔራተር በሙሉ ጭነት ሲሠራ በሰዓት ወደ 300 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም 3 ቴርም ያህል ጋዝ ይበላል። በትንንሽ ቤቶች ላይ የሚገጠመው የተለመደ ቆጣሪ ግን በሰዓት ወደ 250 ኪዩቢክ ጫማ ብቻ የሚያሳልፍ ነው። በዚህ ላይ የወጥ ቤቱ ምድጃ አለ፤ እያንዳንዱ ዐይን 30 ሺህ ቢ.ቲ.ዩ. የሚፈጅ ባለ ስድስት ዐይን ምድጃ ብቻውን 180 ኪዩቢክ ጫማ ያህል ይወስዳል። ሁለቱ ሲደመሩ 480 ይሆናሉ፤ የውሃ ማሞቂያው ገና አልተቈጠረም። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የተተከለ ጄኔራተር ባዶውን ሲፈተን ደኅና ይነሣል፤ ነገር ግን ጭነት በተሸከመ ጊዜ ግፊቱ ወርዶ ይታፈናል፣ የምድጃውም ነበልባል ይኰሰምናል። ስለዚህ የጋዝ ኩባንያው ቆጣሪውን እንዲያሳድግ ከግዢው በፊት ማመልከት፣ የቧንቧውንም ውፍረትና ርዝመት በባለሙያ ማስለካት ያስፈልጋል። ቤቱ በኪራይ የተያዘ እንደ ሆነም ቆጣሪው በማን ስም እንደ ተመዘገበ መጠየቅና የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ መቀበል ይገባል። ከዚህም በቀር አንዱ ሞተር በፕሮፔን ሲሠራ ከሚሰጠው ኃይል በተፈጥሮ ጋዝ ሲሠራ የሚሰጠው ያንሳል፤ በማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ የበለጠው ቁጥር ስለሆነ፣ ለጋዝ የተጻፈውን ለይቶ ማንበብ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ምን ያህል ኃይል ይበቃል የሚለው ነው። በእኛ አስተያየት ቤቱን ሁሉ የሚያንቀሳቅስ ትልቅ ጄኔራተር መግዛት ለአነስተኛ ነጋዴ ከንቱ ወጪ ነው። ለምሳሌ ያህል ትልቁ የሥጋ ማቀዝቀዣ 3 ኪሎዋት፣ ሁለት ፍሪዘሮች 2፣ የወጥ ቤቱ ጭስ መሳቢያ 1.5፣ መብራትና የገንዘብ መቀበያ መኪና 1 ቢወስዱ፣ ድምሩ 7.5 ኪሎዋት ነው። ነገር ግን የማቀዝቀዣ ሞተር በሚነሣበት ቅጽበት ከመደበኛው አምስት ወይም ስድስት እጥፍ ኤሌክትሪክ ሊስብ ይችላል። ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዳይነሡ ተራ በተራ የሚያስገባ መቆጣጠሪያ ቢገጠም፣ ያለ እርሱ ከሚያስፈልገው ባነሰ ጄኔራተር ሥራው ይሟላል። ጭስ መሳቢያውን ግን ማስቀረት አይገባም፤ እርሱ ካልሠራ የጋዝ ምድጃውን መለኰስ አደጋ ነው፣ በብዙ ቦታም ምድጃው ያለ እርሱ እንዳይሠራ ተደርጎ ይገጠማል። በአንጻሩ የኤሌክትሪክ ምጣድና የአየር ማቀዝቀዣ ብዙ ኃይል የሚፈጁ ስለሆኑ ከዝርዝሩ ቢወጡ ይሻላል። ሊጡ ቢቆይ ይመጥጥ ይሆናል፤ ሥጋው ግን አይቆይም።

የጋዝ ቧንቧ ደግሞ የሌላ ሰው ንብረት መሆኑን መርሳት አይገባም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስን ብርቱ ብርድ በመታው ጊዜ የጋዝ ጕድጓዶችና ማጣሪያዎች ቀዝቅዘው ወይም ራሳቸው ኤሌክትሪክ አጥተው ምርቱ እጅግ ወርዶ ነበር፤ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶችም ያለ ኃይል ቀርተዋል። ጋዙና ኤሌክትሪኩ እንደዚህ የተሳሰሩ ስለሆኑ፣ የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ የሰው ሕይወት ለሚጠበቅበት የአደጋ ጊዜ ኃይል፣ ሁለቱ በአንድነት የመቋረጣቸው ዕድል ጥቂት መሆኑን ባለ ሥልጣኑ ካልተቀበለ በቀር፣ በከተማ ጋዝ ብቻ የሚሠራ ሞተርን አይፈቅድም። ሸቀጥን ለማዳን ብቻ ለሚተከል ጄኔራተር ግን ይህ ክልከላ የለም። በዋሺንግተን አካባቢ ኤሌክትሪክን አብዝቶ የሚያቋርጠው በምሰሶ ላይ የተዘረጋውን ሽቦ የሚበጥስ ነፋስና የዛፍ መውደቅ ስለሆነ፣ ከመሬት ሥር ያለው ቧንቧ ለንግድ ቤት የሚታመን ነው እንላለን።

ጄኔራተሩ ከውጭ ይተከላል፤ በቤት ውስጥ፣ በምድር ቤትም ሆነ በጋራዥ ፈጽሞ አይሆንም። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታና ቀለም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ደንቡ በጠቅላላው ከመስኮት፣ ከበርና ሊቃጠል ከሚችል ግድግዳ ቢያንስ 5 ጫማ እንዲርቅ ያዝዛል፤ ከፎቁ ላይ ተከራዮች ቢኖሩ የበለጠ ማራቅና የጋዙን ማስጠንቀቂያ ደወል መግጠም ያስፈልጋል። የከተማው የግንባታና የጋዝ ፈቃድ ሳይወጣ ሥራውን መጀመር ተገቢ አይደለም።

በዚያው በ2012ቱ ነፋስ በሰሜን ቨርጂኒያ የ911 የአደጋ ጥሪ ተቋርጦ ነበር። የፌዴራል መገናኛ ኮሚሽን በጃንዋሪ 2013 ያወጣው ምርመራ እንዳስረዳው፣ በሁለት የስልክ ማዕከሎች በእያንዳንዳቸው ከነበሩት ሁለት መጠባበቂያ ጄኔራተሮች አንዱ አልነሣም። ስለዚህ መኪናው በየሳምንቱ ለጥቂት ደቂቃ በራሱ እንዲነሣ ማዘጋጀት፣ በየጊዜውም ሥራ በሌለበት ሰዓት ዋናውን ብሬከር አጥፍቶ ከነጭነቱ መፈተን፣ የሞተሩን ዘይት ማየት፣ ማስነሻ ባትሪውንም ሳይደክም መለወጥ ያስፈልጋል።